ገበሬው መምህር ፔስታሎዚ

በየትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ነገሥታት፣ የጦር አለቆችና የሳይንስ ሊቃውንት ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት እርሻው ያልሰመረለትን፣ ገንዘብ መያዝ የማያውቀውን፣ የገዛ ልጁን እንኳ ማስተማር ያቃተውን አንድ የስዊስ ሰው ነው። ውድ አንባብያን፣ በምርጫዬ አትደነቁ። ዛሬ በብዙ አገር የመምህራን መምህር ተብሎ የሚከበረው ዮሐን ሃይንሪሕ ፔስታሎዚ ይኸው ሰው ነው።

ፔስታሎዚ በዙሪክ ከተማ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 1746 ዓ.ም. ተወለደ። ከዚህ በታች የምጽፋቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሐኪም የነበረው አባቱ ልጁ 5 ዓመት ሲሆነው ሞተ። አባትየው በሞት አልጋ ላይ ሳለ ባርባራ የምትባለውን የቤት ሠራተኛቸውን ቤተሰቡን ጥላ እንዳትሄድ ቃል አስገብቷት ነበርና እርስዋም ቃሏን ሳታጥፍ ከእናቲቱ ጋር ሆና ልጆቹን አሳደገች። አያቱ ደግሞ የገጠር ቄስ ነበሩ። የድኾችን ቤት ለመጎብኘት ሲወጡ ልጁን ያስከትሉት ስለ ነበር፣ የባላገሩን ችግር ገና በልጅነቱ በዓይኑ አየ።

ወጣት በሆነ ጊዜ የፈረንሳይኛው ደራሲ ሩሶ በ1762 ያሳተመው ኤሚል የተባለው መጽሐፍ ልቡን ማረከው። ከከተማ ወጥቶ በመሬት ላይ መኖር ይሻላል ብሎ በ1767 እርሻ ለመማር ወደ በርን አውራጃ ሄደ። በዚያ ወራት አና ሹልትሄስ የምትባል የነጋዴ ልጅ ወደደ። እርስዋ በ8 ዓመት ትበልጠዋለች። የጻፈላትም ደብዳቤ እንደ ሌሎች ወጣቶች ደብዳቤ አልነበረም፤ ግዴለሽና ዝርክርክ መሆኑን፣ ለአገሩ ያለበትንም ግዴታ ከሚስቱ እንደሚያስቀድም አንድ በአንድ ዘርዝሮ አሳወቃት። ወላጆቿ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ይሁን እንጂ በ1769 ተጋቡ። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ አና ትዕግሥት ራሱን የቻለ ታሪክ ቢጻፍ ተገቢ ነበር፤ የወረሰችው ገንዘብ ሁሉ በባልዋ ዕቅድ ላይ አልቋልና።

ባልና ሚስቱ ቢር በምትባል መንደር አጠገብ መሬት ገዝተው ቤት ሠሩ፤ ስሙንም ኖይሆፍ አሉት፤ አዲስ እርሻ ማለት ነው። ሐሳቡ ሥሩ ለጨርቅ ቀይ ቀለም የሚሰጥ ተክል አልምቶ ለመሸጥ ነበር። ነገር ግን መሬቱ ደካማና ድንጋያማ ሆነ፤ ያበደሩትም ሰዎች ነገሩን አይተው ገንዘባቸውን መልሰው ያዙ።

በ1770 ወንድ ልጅ ተወለደለትና በሩሶ ስም ያዕቆብ ብሎ ጠራው። ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው በ1774 አባትየው በየቀኑ የሚያስተምረውን በማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። በዚያ ማስታወሻ ላይ ራሱን አልሸሸገም። ልጁ የቁጥሮችን ስም ቢያውቅም ትርጉማቸውን እንደማያውቅ፣ አስቀድሞ ስሙን በማስተማሩም እንደ ተሳሳተ መዘገበ። ሕፃኑ ትምህርቱን እምቢ ባለ ጊዜ እስኪታገሥ ድረስ ደጋግሞ እንደ ዘጋበትም ጻፈ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍሁት። ባለፈው ክረምት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ አባቴ ታናሽ ወንድሜን ቁጥር እንዳስተምረው አዘውኝ ነበር። ልጁ እስከ መቶ ያለ ስሕተት ይዘልቀዋል፤ እኔም ጎበዝ አስተማሪ ሆንሁ ብዬ ኮራሁ። አንድ ቀን ማታ በጎቹ ሲገቡ ስንት እንደ ሆኑ ብጠይቀው ዝም አለ። ለካ ቁጥሩን እንደ ዜማ ነበር የያዘው። ተቈጥቼ ጓዳ ውስጥ ዘጋሁበት፤ እናቴ ናት መጥታ ያወጣችው። ያን ቀን ጥፋቱ የእርሱ መስሎኝ ነበር።

የያዕቆብ ነገር አሳዛኝ ነው። ሩሶ እንዳለው ልጁ አይገደድ ተብሎ ስለ ተተወ፣ 11 ዓመት ሲሞላው ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር፤ በመጨረሻም ሌሎች እንዲያስተምሩት ከቤት ወደ ሌላ ከተማ ተላከ። በኋላም የሚጥል በሽታ ያዘውና ትንሽ ልጅ ትቶ በ1801 በ31 ዓመቱ ሞተ። አባትየው ልጁን እጅግ ይወድ ነበር፤ ፍቅር ብቻውን ግን አስተማሪ አላደረገውም።

እርሻው ሲከስር ፔስታሎዚ ከ1774 ጀምሮ የድኻ ልጆችን ወደ ቤቱ ሰበሰበ። በበጋ እርሻ፣ በክረምት ጥጥ መፍተልና ሽመና እየሠሩ፣ እግረ መንገዳቸውንም ማንበብና ማስላት እንዲማሩ አሰበ። ምጽዋት የተቀበለ ድኻ ነገም ድኻ ነው፤ ሙያና ዕውቀት ያገኘ ግን ራሱን ይችላል የሚል እምነት ነበረው። ልጆቹ ከ30 በላይ ሆኑ። ሥራቸው ግን ምግባቸውን እንኳ አልሸፈነም፤ አንዳንድ ወላጆችም ልጆቻቸው አዲስ ልብስ እንደ ለበሱ ይወስዷቸው ነበር። በ1780 ቤቱ ተዘጋ። ጎረቤት ሳቀበት። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ መጻፍ ያዘ፤ በ1781 የወጣው ሊንሃርድና ገርትሩድ የተባለው የገጠር ልብ ወለድ በኤውሮፓ ስመ ጥር አደረገው፤ ኪሱ ግን ባዶ እንደ ነበር ቆየ።

በመስከረም 1798 የፈረንሳይ ጦር ስታንስ የምትባለውን ከተማ አቃጥሎ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። መንግሥት ወላጆቻቸውን ያጡትን ልጆች የሚያሳድግ ሰው ሲፈልግ፣ የ53 ዓመቱ ፔስታሎዚ በጥር 1799 እዚያ ሥራውን ጀመረ። ልጆቹ 80 ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹ እከክና ቅማል የወረራቸው ናቸው። ከእርሱ ጋር የነበረችው አንዲት የቤት ሠራተኛ ብቻ ናት። ከልጆቹ ጋር በላ፣ ከመካከላቸው ተኛ፣ በታመሙ ጊዜ አስታመመ። ሕዝቡ ካቶሊክ፣ እርሱ ፕሮቴስታንት ስለ ነበር በክፉ ዓይን ያዩት ነበር። አልትዶርፍ የምትባል ሌላ ከተማ በእሳት በወደመች ጊዜ ልጆቹን ሰብስቦ 20 ያህል ችግረኞች እንጨምር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ምግባቸው እንደሚቀንስና ሥራቸው እንደሚበዛ አስረድቷቸው ሳለ ይምጡ አሉ። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። በሰኔ ወር ግን ጦሩ ቤቱን ሆስፒታል ሊያደርገው ስለ ፈለገ ልጆቹ ተበተኑ፤ ፔስታሎዚም ደም እያስታወከ ወጣ።

ቀጥሎ በቡርግዶርፍ ከተማ አንድ ጫማ ሰፊ በሚያስተምርበት የድኾች ትምህርት ቤት ገባ። ወላጆች አዲሱን ነገር በራሱ ልጅ ላይ ይሞክር ብለው ቢያጉረመርሙም፣ ወዲያው ግንቡን አግኝቶ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ዘዴው ከሚታየው ወደማይታየው፣ ከቅርቡ ወደ ሩቁ መሄድ ነው፤ ጭንቅላት፣ ልብና እጅ አብረው ይማሩ ማለት ነው። ቁጥር በአተርና በጠጠር ይጀመራል፤ ስሙ ኋላ ይመጣል። እኔም ወንድሜን እንደገና የጀመርሁት በባቄላ ነው፤ እስከ 20 ለመድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ከ1805 እስከ 1825 በኢቨርዶን ግንብ ሲያስተምር ከብዙ አገር ተማሪና ጎብኚ ጎረፈለት፤ የመዋዕለ ሕፃናት መሥራች ፍሮበልም ከእርሱ ዘንድ ተምሯል። ጂኦግራፊ የሚጀመረው ከካርታ አልነበረም። ልጆቹ ወደ ሸለቆው ወርደው አገሩን አይተው፣ ጭቃ ተሸክመው ይመለሱና ሸለቆውን በጠረጴዛ ላይ ይሠሩታል፤ ካርታውን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1814 የኦስትሪያ ጦር ይህንንም ግንብ ሆስፒታል ላድርግ ባለ ጊዜ፣ ስታንስን ያልረሳው ሽማግሌ ባዝል ድረስ ሄዶ በሩስያው ንጉሠ ነገሥት በቀዳማዊ እስክንድር ፊት ቆመ። ግንቡም ተረፈ።

አና በ1815 ሞተች። ከዚያ ወዲያ ረዳቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣሉ፤ ትምህርት ቤቱም በ1825 ተዘጋ። ሽማግሌው የልጅ ልጁ ወደሚኖርበት ወደ ኖይሆፍ ተመለሰ። የካቲት 17 ቀን 1827 በብሩግ ከተማ በ81 ዓመቱ አረፈ፤ በቢርም በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀበረ። በ1914 ኖይሆፍ ችግረኛ ወጣቶች የሚያድጉበትና ሙያ የሚማሩበት ቤት ሆነ። እርሱ በ1780 ልጆቹን አሰናብቶ የዘጋው በር ከ134 ዓመት በኋላ ተከፈተ።