ፍሪትዝ ሐበር፤ ልግመኛውን ጋዝ ያሠራ ሊቅ

በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ ተራግፎ ወደ ኢትዮጵያ የሚጓጓዘው ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ከአየር የተገኘ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይገረማል። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጂን የተወሰደው ከአየር ነው። ለዚህ ሥራ መንገዱን የከፈተው ፍሪትዝ ሐበር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር።

ሐበር እ.ኤ.አ. በ1868 ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የትውልድ ከተማው ብሬስላው ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። እናቱ እርሱን በወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለ ሞተች እናቱን ሳያውቅ አደገ። አባቱ የቀለምና የመድኃኒት ነጋዴ ነበር፤ እርሱም ኬሚስትሪን አጥንቶ በካርልስሩኸ ከተማ መምህር ሆነ።

በዚያን ጊዜ የአውሮፓን ሊቃውንት የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነበር። ለማዳበሪያ ከቺሊ ይመጣ የነበረው የናይትሬት ጨው ቢያልቅ እየበዛ የሚሄደው ሕዝብ በምን ይመገባል? ከአየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። ሆኖም ሁለት ሁለት የናይትሮጂን አቶሞች በሦስት ጽኑ ማሰሪያዎች ተቆላልፈው ስለሚኖሩ ጋዙ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር በቀላሉ አይዋሐድም። ስለዚህ ሰብል በናይትሮጂን ተከቦ ሳለ ናይትሮጂን ይራባል።

ሐበር ይህን ልግመኛ ጋዝ ለማሠራት ብዙ ደከመ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1909 በከፍተኛ ግፊትና በብርቱ ሙቀት፣ ውሕደትን በሚያፋጥን ማዕድን አማካይነት፣ ናይትሮጂንን ከሃይድሮጂን ጋር አዋሕዶ አሞኒያን አገኘ። ካርል ቦሽ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው፤ እ.ኤ.አ. በ1913ም ምርቱ በብዛት መውጣት ጀመረ። ለዚህም ሐበር የ1918 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ነገር ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሐበር እውቀቱን ለጦር አዋለ። ክሎሪን እንደ ናይትሮጂን ልግመኛ አይደለም፤ ያገኘውን ሁሉ ፈጥኖ ይዋሐዳል፤ ሲተነፍሱትም ሳንባን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ቤልጅግ ውስጥ በኢፕር ግንባር ይህ ጋዝ በሐበር መሪነት ተለቀቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለቤቱ ክላራ፣ ራስዋም የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረችው፣ በገዛ እጅዋ ሞተች። እርሱ ግን ወዲያው ወደ ምሥራቁ ግንባር ሄደ። በሚመራው ተቋምም ይፐሪት የተባለው ሌላ መርዝ ለጦርነት ተዘጋጀ።

እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የአይሁድ ተወላጆችን ከሥራ ማባረር ጀመሩ። ሐበር ሥራውን ለቆ ከአገሩ ወጣ። በጥር 1934ም በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ውስጥ ዐረፈ።

መርዙ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ይፐሪትን በተከዜ አካባቢ በኢትዮጵያውያን ላይ ከአውሮፕላን አዘነበች። በሚያዝያ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ፤ በሰኔም በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለዚሁ ግፍ አቤት አሉ።

እንግዲህ ያ ወደብ የሐበርን ዘመን ሁለት ፍሬዎች አይቷል፤ የመርዙን አቤቱታ ሸኝቷል፤ የገበሬውንም ማዳበሪያ ይቀበላል። ንጥረ ነገር የሚዋሐደው እንደ ባሕርዩ ነው፤ ምርጫ የለውም። ምርጫውም ተጠያቂነቱም የሚያዋሕደው ሰው ነው።