አና ሲዌል፤ ለፈረሶች አፍ የሆነች ሴት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ጦር ስለ መሩ፣ አገር ስላቀኑ፣ ወይም አዲስ መሣሪያ ስለ ፈለሰፉ ሰዎች ነው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ልጽፍላችሁ የመረጥሁት እንደ ልቧ መራመድ ስላልቻለች፣ ብዙ ዘመኗን በቤት ውስጥ ስላሳለፈች፣ በዕድሜዋም አንድ መጽሐፍ ብቻ አሳትማ ስላለፈች ሴት ነው። ስሟ አና ሲዌል ይባላል። ስለ እርስዋ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ዕውቀት ሳይሆን ጸጸት ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ የ11ኛ ክፍል የማጠቃለያ ፈተና በሚጀመርበት ዕለት፣ እንቅልፍ አሸንፎኝ አረፈድሁ። እንደ እኔው ካረፈዱ ሦስት የሰፈር ጓደኞቼ ጋር ሆኜም ጋሪ አስቆምሁ። ባለጋሪው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ የኮብልስቶኑ መንገድ ያዳልጥ ነበርና፣ አራት ሰው ለዳገቱ እንደሚከብድ ነገሩን። እኛ ግን አልሰማንም። እንዲያውም እኔ ፈረሱን በአለንጋ ካፈጠኑልን ሃምሳ ብር እንደምንጨምርላቸው ቃል ገባሁ። የዕለት እንጀራ ነገር ሆኖባቸው እሺ አሉ። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ዳማው ፈረስ አዳልጦት በሁለት ጉልበቱ ተደፋ። እኛም ከጋሪው ዘለን ወርደን ሒሳቡን እንኳ ሳንከፍል ወደ ትምህርት ቤት ሮጥን። ዞር ብዬ ስመለከት ጋሼ ተንበርክከው በጋቢያቸው ጫፍ የፈረሱን ደም ይጠርጉ ነበር። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። እኔ ፈተናው ሳያልፈኝ ደረስሁ። ፈረሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈቶ ቆመ፤ የጋሼም ቤት ሁለት ሳምንት ያለ ገቢ ከረመ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት በተከፈተ ጊዜ የእንግሊዝኛ መምህራችን በቀላል ቋንቋ የተዘጋጁ መጻሕፍት አደሉን። ለእኔ የደረሰኝ ብላክ ቢዩቲ የሚባለው ነበር፤ በአማርኛ ጥቁር ውበት እንደ ማለት ነው። ታሪኩን የሚናገረው ፈረሱ ራሱ ነው። ጥቂት ገጾች እንዳነበብሁ ይህ ፈረስ የሚከሰው እኔን መሰለኝ፤ ስለዚህም የደራሲዋን የሕይወት ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ።

አና ሲዌል እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1820 በእንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ በሚባለው አውራጃ፣ በግሬት ያርመዝ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያኖች ማኅበር ነበሩ። አባቷ አይዛክ ንግድ ስላልቀናው ቤተሰቡ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር። እናቷ ሜሪ፣ ኋላ በግጥም ጸሐፊነት ስም ያተረፈች ሴት፣ አናንና ታናሽ ወንድሟን ፊሊፕን በቤት ውስጥ አስተማረቻቸው። አና ትምህርት ቤት የገባችው 12 ዓመት ሲሆናት ነው።

ነገር ግን ይህ ደስታ አልዘለቀላትም። በ14 ዓመቷ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ዝናብ ነበረና አዳልጧት ወደቀች፤ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቿ ክፉኛ ተጎዱ። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ መቆምና ሩቅ መንገድ መሄድ ተሳናት። በአውሮፓ የፈውስ ውኃ ወዳለባቸው ቦታዎች ሄዳ ታከመች፤ ጥቂት የተሻላት ጊዜም ነበር፤ ፍጹም ጤና ግን አላገኘችም።

እግሯ በከዳት ጊዜ ከቤት የሚያወጣት ፈረስ ሆነ። አባቷን ወደ ባቡር ጣቢያ የምታደርሰውና የምትመልሰው እርስዋ ነበረች። ዛቡን አላልታ ትይዛለች፤ ፈረሱን በአለንጋ ሳይሆን በቃል ትመራዋለች፤ እንደ ጓደኛም ታዋየዋለች። እኛ ፈረስን መጓጓዣ ብቻ አድርገን እናየዋለን፤ እርስዋ ግን በየቀኑ እግሯን የሚያበድራት ፍጡር መሆኑን ዐወቀች። ለእንስሳት መራራትን የተማረችው ከንግግር አይደለም፤ ዛብ ከያዘ እጇ ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1822 በከብት ላይ ጭካኔ መፈጸምን የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በ1824ም እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቅ ማኅበር በሎንዶን ተቋቋመ። ሆኖም ሕግ የማይደርስበት ጭካኔ አለ፤ ይኸውም ሰው ሁሉ የለመደው ጭካኔ ነው። በዚያ ዘመን ባለጸጎች ሠረገላ የሚስበው ፈረሳቸው አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲታይላቸው በአጭር ጠፍር ራሱን ወደ ላይ ወጥረው ያስሩት ነበር። ፈረስ ዳገት ሲወጣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በትከሻው ካልገፋ ጉልበት አያገኝም። በዚያ ጠፍር የታሰረ ፈረስ ግን ትንፋሹ እያጠረው፣ አንገቱ እየታመመ፣ ለጌታው ውበት ሲል ይሠቃያል። አና አጥብቃ የተቃወመችው ይህንን ልማድ ነበር።

መጽሐፉን መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1871 ሲሆን የፈጸመችው በ1877 ነው። በዚያን ጊዜ የምትኖረው በኖርዊች ከተማ አጠገብ በኦልድ ካተን ነበር። ሕመሟ ስለ ጸና ብርታት ባገኘችበት ሰዓት በትንንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ትጽፋለች፤ ካልቻለችም በቃል ትናገራለች፤ አሮጊት እናቷም ተቀብላ ትገለብጠዋለች። መጽሐፉ ዛሬ የልጆች ንባብ ቢሆንም፣ እርስዋ ያሰበችው ከፈረስ ጋር ለሚውሉ ሠራተኞች ነበር። በኖቬምበር 1877 ጃሮልድ የተባለ የኖርዊች አሳታሚ አወጣው።

ከመጽሐፉ ሁለት ነገሮች ከልቤ አልጠፉም። አንደኛው ጆ ግሪን የሚባለው ትንሽ ልጅ ነው። ሐኪም ለመጥራት ሲጋልብ አድሮ በላብ የተጠመቀውን ፈረስ ልብስ ሳያለብስ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪጠግብ አጠጥቶ ይተወዋል፤ ፈረሱም ታሞ ለሞት ይቀርባል። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ አላወቀም እንጂ። አለማወቅም እንደ ክፋት ሊገድል እንደሚችል አና በዚህ አሳየች። ሁለተኛው ጄሪ ባርከር የሚባለው የሎንዶን ባለሠረገላ ነው። ከመጠጥ ቤት የወጡ ሁለት ጎረምሶች ባቡር እንዳያመልጣቸው ፈረሱን ቢያስጋልብላቸው ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚሰጡት ይነግሩታል፤ እርሱም በተለመደው እርምጃ ካልሆነ አልወስድም ይላቸዋል። እውነተኛ ችግር የደረሰበት መንገደኛ ሲመጣ ግን ይኸው ሰው ያለ ማቅማማት ይፈጥንለታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልሁ። ከእነዚያ ጎረምሶች አንዱ እኔ ነበርሁና።

አና የመጽሐፏን መወደድ ጀምሮ አየች እንጂ ፍጻሜውን አላየችም። መጽሐፉ ከወጣ አምስት ወር ያህል እንደ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 25 ቀን 1878፣ በ58 ዓመቷ ዐረፈች። በቀብሯ ዕለት እናቷ የአስከሬኑን ሠረገላ የሚስቡት ፈረሶች በዚያ ክፉ ጠፍር ታስረው አይታ እንዳስፈታችላቸው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1890 ጆርጅ ኤንጅል የተባለ የእንስሳት ወዳጅ መጽሐፉን በአሜሪካ አሳትሞ በብዛት አሠራጨው። እስከ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ይገመታል። ያ ጠፍርም ከጊዜ በኋላ እየተጠላ ሄደ።

ውድ አንባቢዎቼ ሆይ፤ በእንግሊዝ ከተሞች የፈረስን ሥራ መኪና ከተረከበው ብዙ ዘመን ሆኖታል። በእኛ ከተማ ግን ፈረሱም አህያውም ዛሬ ድረስ ሸክማችንን ይሸከማሉ። ከእኛ የሚፈለገው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ሩብ ሰዓት ቀድሞ ከቤት መነሣት፣ ለአራት አለመሳፈር፣ ዳገት ላይ ወርዶ በእግር መሄድ፣ ጀርባው በተገጠበ አህያ ላይ አለመጫን፣ ለበዓል የገዛናትን ዶሮ ዘቅዝቀን ከማንጠልጠል ይልቅ ታቅፈን ወደ ቤት መውሰድ፣ ምንም ባላደረገ ውሻ ላይ ድንጋይ አለማንሣት፤ ይህ ሁሉ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም።

መጽሐፉን እንደ ፈጸምሁ ከጋሼ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ያልከፈልነውን ሒሳብና ሃምሳ ብሩንም አቀረብሁ። ሒሳቡን ተቀበሉኝ፤ በሃምሳ ብሩ ግን ለፈረሱ ፉርሽካ ገዝቼ እንድመጣ አዘዙኝ። እኔም ገዝቼ በእጄ አበላሁት። ጉልበቶቹ ቁስላቸው ድኗል፤ ፀጉር ግን እስከ ዛሬ አልበቀለባቸውም። በየጠዋቱ በዚያ ዳገት በእግሬ ስወጣ ጋሼ በጋሪያቸው ያልፉኛል፤ እኔም ሰላምታ ከመስጠቴ በፊት አስቀድሜ የማየው የፈረሱን ጉልበት ነው።