ልብን ወደ መስመር የቀየረው ሰውዬና የተረሳው ረዳቱ

መርካቶ ምን አለሽ ተራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የመዶሻው ድምፅ ጆሮ አያሰማም። አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ምድጃውን ገዝተን ቤት እናስገባለን እንጂ የሠራውን ሰው ስም ማንም አይጠይቅም። የዛሬው ታሪክ ከመርካቶ ሩቅ ነው፤ መጨረሻው ግን ወደዚሁ ይመልሰናል።

ሆስፒታል ታማሚ ጠይቃችሁ ከሆነ አልጋው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ ከፍ ዝቅ እያለች የምትሄድ መስመር አይታችኋል። እሷን መስመር በደንብ እንድናነባት ያደረገን ቪለም አይንትሆቨን የሚባል የኔዘርላንድስ ሐኪም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

የተወለደው በ1860 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ሰማራንግ ከተማ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ እሱ ገና ስድስት ዓመቱ እያለ ሞቱ። እናቱ ስድስት ልጆች ይዘው በ1870 ወደ ኔዘርላንድስ ተመለሱ። ቪለም ሕክምና የተማረው በኋላ የጦር ሐኪም ሆኖ ሊያገለግል ተስማምቶ ነው። እንደኛ ኮስት ሼሪንግ በሉት! ግን ጎበዝ ስለነበር ገና በ25 ዓመቱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰደው። ስፖርት ይወድ ነበር። ተማሪ እያለ ጂምናስቲክ ሲሠራ እጁ ተሰበረ፤ ቁጭ ብሎ ከመተከዝ ክንድ እንዴት እንደሚታጠፍ አጥንቶ ጻፈ።

ልብ ስትመታ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንደምታመነጭ ያኔም ይታወቅ ነበር። በ1887 ዋለር የተባለ ሐኪም ለንደን ላይ የሰው ልብ ኤሌክትሪክ መዝግቧል። ችግሩ መሣሪያው ዘገምተኛ ነበር፤ መስመሩ ይዛባል። አይንትሆቨን መጀመሪያ በሒሳብ እያረመው ሠራ። ነርሲንግ የተማራችሁ የምታውቋቸውን ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚሉትን ስሞች ያወጣውም እሱ ነው።

በኋላ ግን አዲስ መሣሪያ ለመሥራት ወሰነ። ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ይቀልጥና ከቀስት ፍላጻ ጋር ይያያዛል፤ ፍላጻው ሲወረወር የቀለጠውን እየሳበ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር ያወጣል። ክሩ ብር ይቀባና በትልቅ ማግኔት መሃል ይወጠራል። የልብ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይንቀሳቀሳል፤ ጥላው ፎቶ ላይ ይቀረጻል። በቃ፣ ኢሲጂ ማለት ይኸው ነው።

መሣሪያው 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ሁለት ክፍል ይይዛል፣ ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይፈልጋል። ታማሚው ደግሞ እጁንና እግሩን ጨው ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል።

ታድያ ይህን ጉድ ተሸክሞ ማን ሆስፒታል ይወስደዋል? አይንትሆቨን በ1905 መፍትሔ አገኘ፦ ከሆስፒታሉ እስከ ላቦራቶሪው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል በስልክ ሽቦ አገናኘ። በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ታማሚው እዚያ፣ ልቡ እዚህ! መርካቶ ራሱ ያኔ የለም፤ የአዲስ አበባ ገበያ ገና አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር።

ዛሬ ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ሞኒተር ቴክኒሺያን የሚባለው ሥራ መነሻው ይኸው ነው። አንድ ሰው ስክሪኖች ፊት ቁጭ ብሎ የብዙ ታማሚ ልብ ይጠብቃል። በብዙ ቦታ ያው ሰው የክፍሉን ስልክ ያነሳል፣ የሐኪም ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ አልጋ ያስተባብራል። እኛ ጋ ይህን በአብዛኛው ነርሶች ከሌላው ሥራቸው ጋር ደርበው ነው የሚሠሩት።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ታማሚው ጥርሱን ሲቦርሽ መስመሩ ተንቀጥቅጦ ገዳይ የልብ ምት ሊመስል ይችላል። ቀጥ ያለ መስመርም ሁልጊዜ ሞት አይደለም፤ ደረት ላይ የተለጠፈው ተላቆ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ማሽኑ በየደቂቃው በከንቱ ሲጮህ ጆሮ ይለምደዋል፤ እውነተኛው ጩኸት ሲመጣ የሚያልፈው ያን ጊዜ ነው። ማሽን መስመር ያወጣል፤ ሮጦ ሰው የሚጠራው ግን ሰው ነው።

አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዜናውን የሰማው አሜሪካ ሌክቸር ለመስጠት ሄዶ ሳለ ነው። ከዚያ ያደረገው ነገር እስከዛሬ ይወራል። መሣሪያውን ሲገነባ አብሮት የለፋ ቫን ደር ቩርድ የሚባል ባለሙያ ረዳት ነበረው። ሽልማቱን ሊያካፍለው ቢፈልገው ሰውየው ሞቷል። በድህነት የሚኖሩ ሁለት አሮጊት እህቶቹን አገኘ፤ የሽልማቱን ግማሽ ለእነሱ ሰጠ ይባላል።

አይንትሆቨን በመስከረም 1927 ላይደን ውስጥ አረፈ። ስሙ በየሕክምና መጽሐፉ አለ። የቫን ደር ቩርድን ስም ግን ዛሬ ከዚህ ገጽ ስትሰሙ ምናልባት የመጀመሪያችሁ ነው። ምን አለሽ ተራ ያለው ቀጥቃጭም፣ ሌሊት ስክሪን ላይ ያፈጠጠችው ሲስተርም ከእሱ ወገን ናቸው። ታማሚ ልትጠይቁ ስትገቡ ስሟን ጠይቋት።