ራስ መኰንንና የቁልቢው ስእለት

የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል በቁልቢ በሚከበርበት በታኅሣሥ 19 ቀን፣ ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶነ እሳት የዳኑበት ተአምር ይታሰባል። ከጅጅጋና ከባቢሌ የሚነሣው ምእመን በሐረር በኩል አልፎ ወደዚያ ይጓዛል። አንዱ ስእለቱ ሠምሮለት ሊያስገባ፣ ሌላው ሊሳል ይሄዳል። ያሰበው ሳይሆንለት ቀርቶ ልቡ ያዘነም ከመካከላቸው አይታጣም። ለእንዲህ ያለው ወገናችን የደብሩን ባለውለታ የራስ መኰንንን ሕይወት ማስታወስ የሚበጅ ሆኖ አግኝተነዋል።

ራስ መኰንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለነበሩ ከአፄ ምኒልክ ጋር የቅርብ ዘመድ ናቸው። ገና በ14 ዓመታቸው ምኒልክ ቤት ገብተው ሥርዐተ መንግሥትን ተማሩ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የሐረር ገዥ ሆነው ተሾሙ። በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተልከው ሲመለሱ ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል። የራስነትን ማዕርግ ያገኙትም ከዚህ በኋላ በ1882 ዓ.ም. ነው።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰሜን ሲገፋ ራስ መኰንን የሐረርን ሠራዊት አስከትለው ዘመቱ። በጉዞአቸው ቁልቢ ላይ ለቅዱስ ገብርኤል እንደተሳሉ፣ ከድል በኋላም ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ በትውፊት ይነገራል። ተስለው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ስንቅና ጦር አሰናድተዋል፤ ደም ሳይፈስ ነገሩ በድርድር ያልቅ እንደሆነም ከጠላት አዛዦች ጋር ተላልከዋል። ይሁን እንጂ ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። መቀሌ ላይ ደግሞ ምሽጉን በጥቃት መስበር ሳይቻል ሲቀር የውሃው ምንጭ ተያዘ፤ ጠላትም በውል ምሽጉን ለቀቀ። ያን ሠራዊት ወደ ወገኑ የሸኙት ራስ መኰንን ነበሩ። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ድሉ ተፈጸመ። መንገዱ ደጋግሞ ተለወጠ፤ ዓላማው ግን አልተለወጠም።

በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የንግሥ በዓል ወደ ሎንዶን ተላኩ። ቀኑ ለሰኔ 19 ተቆርጦ ነበር። ንጉሡ በትርፍ አንጀት ሕመም ስለተያዙ ግን በዓሉ ወደ ነሐሴ 3 ቀን ተላለፈ። የዓለም ኃያል ንጉሥ ያወጀው ቀን እንኳ በአንድ ሕመም ተሻረ።

ራስ መኰንን ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺ እመቤትን በ1886 ዓ.ም. በሞት አጥተዋል። የቀረውን ሕፃን ልጃቸውን ተፈሪን መምህራን ቀጥረው አስተማሩ፤ በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያም በ13 ዓመታቸው የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጥተው ጋራ ሙለታን ሾሟቸው። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው መጋቢት 13 ቀን ዐረፉ። ያረፉትም በዚያው በተሳሉበት በቁልቢ ነው። ሥጋቸው ሐረር በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የሐረር ሹመት በመጀመሪያ ለታላቁ ልጅ ለደጃዝማች ይልማ፣ ከእርሳቸውም ሞት በኋላ ለደጃዝማች ባልቻ ተሰጠ፤ ለተፈሪ የደረሳቸው በ1902 ዓ.ም. ነው። አባት የዘሩትን ሌላ ዘመን አጨደው።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ማቀድ እምነት ማጣት አይደለም። እግዚአብሔር ያውቃል እያለ እርሻውን ጦም የሚያሳድር ሰው ስንፍናውን በእምነት ስም ይሸፍናል። የባቢሌ ገበሬ ለውዙን ለመዝራት ማሳውን አስቀድሞ ያለሰልሳል፤ ዝናቡ ሲዘገይም ይጠብቃል እንጂ ማሳውን ጥሎ አይሄድም። በአንጻሩ ስእለትን እንደ ንግድ ውል ቆጥሮ፣ ያሰበው በቆረጠው ቀን ካልሆነለት ፈጣሪውን የሚያማርር ሰው ዕቅዱን አምላኩ አድርጎታል። ሐዋርያው ያዕቆብም ነገን የሚያቅድ ሁሉ ዕቅዱን ለጌታ ፈቃድ እንዲያስገዛ መክሮናል።

የቤተ ክርስቲያናችን የባሕረ ሐሳብ ሥርዐት ይህንኑ ያስተምራል። የማይነዋወጡ በዓላት አሉ፤ እንደ ትንሣኤ ያሉ የሚነዋወጡም አሉ። ሁለቱም በአንድ ሐሳብ ይከበራሉ። በክርስቲያን ኑሮም ጸሎት፣ ምጽዋትና እውነት የማይነዋወጡ ናቸው፤ የጉዞው፣ የሥራው፣ የሠርጉ ቀን ግን ሊነዋወጥ ይችላል። ሠለስቱ ደቂቅም ከእሳቱ ቢድኑም ባይድኑም ለጣዖት ላለመስገድ አስቀድመው ቆርጠው ነበር። ስእለታችን እንዲህ ያለ ይሁን።

የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ተራዳኢነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።