አኑሪን ቤቫንና የጤናው ሕግ ክርክር

በታላቋ ብሪታንያ ካርታ ላይ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ዌልስ የተባለችውን አገር ታገኛላችሁ። በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች የድንጋይ ከሰል ይቆፈር ነበር። አኑሪን ቤቫን ከእነዚህ ሸለቆዎች በአንዱ፣ ትሬዴጋር በምትባል ከተማ፣ በ1897 ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።) አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበርና እርሱም በ13 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ጉድጓድ ወረደ። በልጅነቱ ሲናገር ይንተባተብ ነበር፤ ኋላ በምክር ቤት በንግግሩ የሚፈራ ሰው ይወጣዋል ብሎ ማን ይገምታል?

የትሬዴጋር ሠራተኞች ከየደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ሐኪም የሚቀጥሩበት ማኅበር ነበራቸው፤ መዋጮው የእኛን እድር ሳያስታውሳችሁ አይቀርም። አባል የሆነ ሰው በታመመ ጊዜ ስለ ሐኪም ዋጋ አይጨነቅም፤ በጤናው ሳለ ከፍሎአልና። ቤቫን ይህን እያየ አደገ። በ1925 አባቱ የከሰል አቧራ ሳንባውን ጎድቶት ሞተ። ሕመሙ በጊዜው ሕግ ከሥራ የመጣ በሽታ ተብሎ ስላልተመዘገበ ለቤተሰቡ ካሣ አልተከፈለም።

በ1929 የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1945 የሠራተኛው ፓርቲ ምርጫውን ሲያሸንፍ የጤና ሚኒስትር ሆነ። ያቀረበው ሕግ ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲታከም፣ ወጪው ከግብር እንዲሸፈን፣ ሆስፒታሎችም በመንግሥት እጅ እንዲጠቃለሉ የሚያዝ ነበር። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በ1946 ሕጉን በመቃወም ድምፅ ሰጠ። ከዚያ የበረታው ግን የሐኪሞች ማኅበር ተቃውሞ ነበር። የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን የሙያ ነጻነታቸውን የሚያሳጣቸው መስሎ ታያቸው፤ ሥጋታቸውን ከስስት ብቻ የመጣ ነው ብላችሁ አትናቁት። በ1948 መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጡ ከ10 ሐኪሞች 9 ያህሉ እንቢ አሉ።

ሕግ ያለ ሐኪም ምን ይፈውሳል? ስለዚህ ቤቫን ዋናውን ሳይለቅ በሌላው ተደራደረ። ስፔሻሊስቶች በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ሆነው የግል በሽተኛ እንዲያክሙ ፈቀደ፤ ጠቅላላ ሐኪሞችም በሙሉ ደመወዝ እንደማይቀጠሩ በሕግ አረጋገጠላቸው። ከገዛ ወገኖቹ መካከል ይህን እንደ ማፈግፈግ የቆጠሩበት ነበሩ። ሆኖም አገልግሎቱ በጁላይ 5 ቀን 1948 ሥራ ጀመረ።

ወጪው ከተገመተው በላይ ሆነ። ለዓመታት ያለ መነጽርና ያለ ጥርስ የኖረ ድኻ ብዙ ነበርና አያስደንቅም። በ1951 መንግሥት ለጦር መሣሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ስለ ጨመረ፣ የሰው ሠራሽ ጥርስንና የመነጽርን ግማሽ ዋጋ ሕመምተኛው እንዲከፍል ወሰነ። ለጥርስና ለመነጽር ሲባል ሚኒስትርነት ይለቀቃልን ትሉ ይሆናል። ቤቫን ለቀቀ። ክፍያ አንድ ጊዜ በር ከተከፈተለት የሚቆም መስሎ አልታየውም ነበር፤ በ1952 በመድኃኒትም ላይ ክፍያ ተጣለ። በጁላይ 6 ቀን 1960 ሲሞት አገልግሎቱ 12 ዓመት ከ1 ቀን ሆኖት ነበር።