የአተርን ሥር ምስጢር የገለጡት ሄርማን ሄልሪገል

በገነተ ማርያምና በአካባቢዋ ያለው የላስታ አርሶ አደር ገብስ በገብስ ላይ ሲደጋገም መሬቱ እንደሚደክም፣ ባቄላ ወይም አተር የተዘራበት ማሳ ግን የቀጣዩን ዓመት ገብስ እንደሚያሳምር ከአባቶቹ ተረድቷል። የነገሩን ምክንያት በሙከራ ያረጋገጡት ጀርመናዊው የግብርና ኬሚስትሪ ሊቅ ሄርማን ሄልሪገል ናቸው።

ሄልሪገል እ.ኤ.አ. በ1831 በሳክሶኒ ተወለዱ። በታራንት ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1857 በዳሜ ከተማ የግብርና ምርምር ጣቢያ መምራት ጀመሩ፤ ኋላም ወደ በርንቡርግ ተዛወሩ።

የሙከራ ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ናይትሮጂን በሌለበት ንጹሕ አሸዋ ላይ ሰብል ዘርተው ናይትሮጂን ያለበት ማዳበሪያ እየመጠኑ ይጨምሩለታል። ገብስና አጃ በተሰጣቸው ልክ አደጉ፤ ሲከለከሉ ቀጨጩ። አተሩ ግን አስቸገራቸው። ምንም ሳይጨመርለት በአንዱ ዕቃ ይለመልማል፣ በሌላው ይጠወልጋል። እንዲህ ያለውን ውጤት እንደ ስህተት ቆጥሮ መጣል ይቻል ነበር። ሄልሪገልና ባልደረባቸው ሄርማን ቪልፋርት ግን ሥሩን መረመሩ። የለመለመው እባጭ አለው፤ የቀጨጨው የለውም።

አሸዋውን በሙቀት አምክነው ሲዘሩ እባጭ አልወጣም። ጥቂት የማሳ አፈር የተበጠበጠበት ውኃ ሲጨመርለት አተሩ አገገመ፤ ውኃው ከተፈላ ግን አልጠቀመም። ስለዚህ ሠራተኛው በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። ለአተር የጠቀመው አፈር ለግብጦ ሳይጠቅም ቀረ፤ ግብጦ የበቀለበት መሬት አፈር ሲገባለት ግን ግብጦውም ለመለመ። ሁሉም የየራሱ ወዳጅ አለው ማለት ነው።

ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1886 በበርሊን ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1888 የሆላንዱ ማርቲኑስ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይተው አወጡ። ሄልሪገል እ.ኤ.አ. በ1895 በበርንቡርግ አረፉ።

ዛሬ በግጦሽ መሬታችን የሚበቅለው ማገጥም በዚሁ ስምምነት እንደሚኖር ይታወቃል። ተክሉ ከቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ለባክቴሪያው ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ከአየር የወሰደውን ናይትሮጂን ለተክሉ ምግብ ያደርግለታል።

ስለዚህ በሥሩ ላይ የሚታየው እባጭ በሽታ አይደለም። ባቄላው ሲያብብ ጥቂት እግር በጥንቃቄ ቆፍሮ በማውጣት እባጩን መሰንጠቅ ይቻላል፤ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። በአጨዳ ጊዜም ከመንቀል ይልቅ በማጭድ ማጨድ ሥሩን ለመሬቱ ያስቀራል። ለዩሪያ ከኪሱ ለሚከፍል አባል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።