በሳጥን የመጣችው መኪና፤ የብሩስ ማክላረን ሕይወት

በዲሴምበር 8 ቀን 2024 ምሽት፣ በአቡ ዳቢው ያስ ማሪና የውድድር መድረክ የፓፓያ ቀለም የተቀባች መኪና ከሁሉ ቀድማ መስመሩን አለፈች። የማክላረን ቡድን የፎርሙላ 1 የአምራቾችን ዋንጫ ከ26 ዓመት በኋላ ዳግም ያነሣው በዚያ ምሽት ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንኖር ሰዎች ይህን ስም በውድድር ሜዳ ብቻ ሳይሆን፣ በየአውራ ጎዳናው ሽው ብለው በሚያልፉን ዝቅ ያሉ መኪኖች ጀርባ ላይም እናነበዋለን። ስሙ ግን መጀመሪያ የፋብሪካ ስም አልነበረም። ከኒውዚላንድ የወጣ፣ አንድ እግሩ ከሌላው ያጠረ፣ መካኒክነትን በአባቱ ጋራዥ የተማረ የአንድ ወጣት ስም ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ ሌስሊ ማክላረን ኦገስት 30 ቀን 1937 በኦክላንድ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ሌስ እና ሩት በከተማይቱ ሬሙዌራ በተባለ ሰፈር ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ነበራቸው። አባትየው በወጣትነቱ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። የልጁ ጆሮ የሞተር ድምፅን፣ አፍንጫውም የነዳጅና የግራሶን ሽታ የለመደው ገና በእናቱ እቅፍ ሳለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ዳሌውን ያመው፣ ያነክስም ጀመር። ሐኪሞች የደረሱበት በሽታ ፐርተስ ይባላል፤ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ አጥንቱ እየሟሸሸ የሚሄድበት የልጅነት ሕመም ነው። በዚያን ዘመን የነበረው መድኃኒት ዕረፍትና ትዕግሥት ብቻ ነበር፤ አጥንቱ ክብደት ሳይሸከም እንዲድን ልጁን አልጋ ላይ አስተኝቶ እግሩን በክብደት እየሳቡ ማቆየት። ብሩስ በታካፑና የባሕር ዳርቻ በሚገኘው የዊልሰን የሕፃናት ማገገሚያ ገብቶ ሁለት ዓመት ገደማ በዚያ ቆየ። እንደ ልብ ሮጦ መጫወት የሚወድ የአሥር ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣሪያ እያየ መተኛቱ ምን ማለት እንደሆነ የልጅ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ እንደገና መራመድ መቻሉም ለወላጆቹ ያስጨነቀ ጥያቄ ነበር። ተራመደ፤ ነገር ግን የግራ እግሩ ከቀኙ አጥሮ ቀረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም እያነከሰ ኖረ። ራግቢ እንደ ሃይማኖት በሚታይባት አገር ለአንድ ጎረምሳ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

መኪናዋ ወደ ቤታቸው የመጣችው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። መጣች ማለትም ለአነጋገር ያህል ነው፤ የመጣው በሳጥን በሳጥን የታጨቀ ክምር ብረት ነበር። ሌስ የገዛት የ1929 ኦስቲን 7 ኧልስተር ነበረች፤ ሐሳቡም ጠጋግኖ፣ ጥቂት አትርፎ ሊሸጣት ነው። ልጁ ግን ሳጥኖቹን ካየ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። መኪናዋ የእርሱ እንድትሆን፣ እርሱም በገዛ እጁ እንዲገጣጥማት ለመነ፤ አባትየውም እሺ አለ። ብሩስ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር።

ስለዚህች መኪና ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ያለ እርስዋ የቀረው ታሪክ አይገባምና። ኦስቲን 7 በ1922 ለገበያ የወጣች የእንግሊዝ ትንሽ መኪና ናት። ኸርበርት ኦስቲን የኩባንያው ሰዎች በሐሳቡ ስላልተስማሙ፣ ስታንሊ ኤጅ የተባለ የ18 ዓመት የንድፍ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ አስመጥቶ በመኖሪያ ቤቱ የቢሊያርድ ክፍል ውስጥ ነደፋት። መኪናዋ ራስዋ ከቤት የተወለደች ናት ማለት ነው። ሞተርዋ አራት ፒስተን ያለው፣ ይዘቱ 747 ሲሲ ብቻ የሆነ፣ ዛሬ ከአንዳንድ ሞተር ብስክሌት የሚያንስ ነው። ኧልስተር የተባለችው ዓይነት ለውድድር የተሠራች ታናሽ እኅትዋ ናት፤ ቁመትዋ ዝቅ ያለ፣ ጅራትዋ የሾለ፣ ለሁለት ሰው ብቻ የምትበቃ። ስምዋንም ያገኘችው በሰሜን አየርላንድ ከተደረገ ውድድር ነው። ፍሬንዋ በዘይት ግፊት ሳይሆን በሽቦ ገመድ እየተሳበ የሚይዝ ነው፤ ይይዛል መባሉም ከደግነት የሚቆጠር ነው። ፍሪሲዮንዋ መካከለኛ የማያውቅ፣ ወይ የሚለቅ ወይ የሚይዝ ብቻ ነው። ባሌስትራዋ አጭርና ደረቅ በመሆኑ በወጣ ገባ መንገድ ላይ መኪናዋ እንደ ፌንጣ ትዘላለች።

አባትና ልጅ ከጋራዡ ሥራ በተረፈው ሰዓት፣ ማታና ቅዳሜ፣ አንድ ዓመት ያህል ደከሙባት። ፈቶ መግጠም የለመደ መካኒክ የፈታውን ነገር ቅደም ተከተል ያስታውሳል፤ ሌላ ሰው የፈታውንና በሳጥን የበተነውን መግጠም ግን ሌላ ሥራ ነው። የትኛው ብሎን የየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ፣ የጎደለው ምን እንደሆነ፣ ያለው ደግሞ ለምን እንዳለ ከብረቱ ራሱ መማር ያስፈልጋል። ከዚህ ሥራ ብሩስ ያገኘውን ትምህርት የትኛውም ትምህርት ቤት ባልሰጠው ነበር፤ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ቢያጠናም መሠረቱ የተጣለው እዚያ ጋራዥ ወለል ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መኪናዋ ተነሥታ ስትቆም መጀመሪያ የነዳት አባትየው ነበር። እንደሚተረከው ከሆነ ሌስ ከሙከራው ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ መሪዋም ፍሬንዋም የማይታመኑ ናቸውና ትሸጥ ወደሚለው የቀድሞ ሐሳቡ አዘነበለ። ልጁ አሁንም ለመነ፤ መኪናዋም ቀረች። የመንጃ ፈቃድ የሚሰጥበት ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ ብሩስ በቤታቸው ጓሮ፣ በፍራፍሬ ዛፎች መካከል የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው መንገድ አበጅቶ ይዞር ጀመር። ሣሩ ተላጨ፤ ልጁ ግን መኪና ሲንሸራተት እንዴት እንደሚያዝ በዚያ ጠባብ ስፍራ ተማረ። በ1952 ሙሪዋይ በተባለው የባሕር ዳርቻ በተደረገ የዳገት ውድድር ገብቶ በሞተሩ መጠን ምድብ አንደኛ ወጣ። በዚያ ቀን በሌላ ኦስቲን 7 የተወዳደረው ፊል ኬር የሚባል ወጣት ጓደኛው ሆነ፤ ዓመታት አልፈው ኬር ከማክላረን ኩባንያ የሥራ መሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ብሩስ መኪናዋን ገጥሞ ብቻ አልተወም። ይፈታታል፣ ይለውጣል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይፈታል። ቫልቮቹ ከጎን የሆኑ የዚህ ዓይነት አሮጌ ሞተሮች ባለቤቶች ጉልበት የሚጨምሩበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ቴስታታው ተነሥቶ ውስጡ በብየዳ ይሞላና በሞረድ እንደገና ይቀረጻል፤ ነዳጅና አየሩ ይበልጥ ተጨምቆ ይቃጠላል። ካርቡሬተሩ ይለወጣል፣ የጭስ መውጫው ይሰፋል፣ ለፍጥነት የማይረዳ ክብደት ሁሉ ይጣላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሞረዱ አንድ ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን የወር ልፋት ገደል ይገባል። ከዚህች መኪና ቀጥሎ ወደ ፎርድ፣ ከዚያም ወደ ኦስቲን ሂሊ 100፣ ቀጥሎም አውስትራሊያዊው ጃክ ብራብሃም ወደ ነዳቸው የኩፐር መኪኖች ተሸጋገረ።

በ1958 የኒውዚላንድ የግራንድ ፕሪ አዘጋጆች አንድን ወጣት ነጂ ወደ አውሮፓ የሚልኩበትን ዕድል መስጠት ሲጀምሩ የመጀመሪያው ተላኪ ብሩስ ሆነ። በዚያው ዓመት በጀርመን ኑርቡርግሪንግ በአነስተኛ መኪና በምድቡ አንደኛ፣ በጠቅላላው አምስተኛ ወጣ። በዓመቱ በኩፐር ቡድን ከብራብሃም ጎን ተሰለፈ። ዲሴምበር 12 ቀን 1959 በአሜሪካ ሴብሪንግ ብራብሃም በመጨረሻው ዙር ነዳጅ ሲያልቅበት ብሩስ አልፎ አሸነፈ፤ ብራብሃም ግን መኪናውን እየገፋ መስመሩን አልፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ብሩስ 22 ዓመት ከ104 ቀን ነበር፤ በዕድሜ ትንሹ የግራንድ ፕሪ አሸናፊ የሚለውን ክብር ከ40 ዓመት በላይ ይዞ ኖረ፤ በ2003 ፈርናንዶ አሎንሶ እስኪረከበው ድረስ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በረካ ነበር። ብሩስ ግን በሌላ ሰው መኪና ማሸነፍ ብቻውን አላጠገበውም። በ1963 በስሙ ትንሽ ኩባንያ አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የቡድን ባልደረባው ቲሚ ሜየር በታዝማኒያ ሎንግፎርድ በልምምድ ላይ ሞተ፤ የሟቹ ወንድም ቴዲ ሜየር ግን ከሥራው አልሸሸም፤ የብሩስ ሸሪክ ሆኖ ቀረ።

የጋራዡ ልጅ በጉልህ የሚታየው በዚህ ዘመን ነው። ከአሜሪካ ዜሬክስ ስፔሻል የተባለች መኪና ገዛ። መኪናዋ ብዙ ታሪክ ያለፈባት ናት፤ መጀመሪያ የኩፐር ፎርሙላ 1 መኪና ነበረች፤ በ1961 በአሜሪካ ግራንድ ፕሪ ተጋጨች፤ ሮጀር ፔንስኪ ስብርባሪዋን ገዝቶ ወደ ስፖርት መኪና ለወጣት፤ ከዚያም በሌላ እጅ አለፈች። ብሩስና ጥቂት መካኒኮቹ በለንደን አጠገብ ኒው ሞልደን፣ ወለሉ አፈር በሆነ፣ የመንገድ ሥራ ማሽን በሚቆምበት መጋዘን ውስጥ ሻንሲዋን መካከሉ ላይ ቆረጡት። ፊቱንና ኋላውን አስቀርተው መካከሉን በጠንካራ ቱቦዎች አዲስ ሠሩ፤ የነበረውን ሞተር አውጥተው ከኦልድስሞቢል የቤት መኪና የመጣ ቀላል የአልሙኒየም ቪ8 ገጠሙበት። ጊዜ ስላነሳቸው የጭስ መውጫውን በሥርዓት መጨረስ አልቻሉም፤ ስምንት አጫጭር ቱቦዎች ወደ ላይ ተቀስረው ቀሩ። መኪናዋ እንዲሁ እንዳለች ወደ ካናዳ ተጓዘች፤ በሞስፖርትም አሸነፈች። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ከሌላው አጥንት ላይ መሥራቱን ትቶ የራሱን መኪና ከመሠረቱ መሥራት ጀመረ።

ቀጣዮቹን ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፋቸው። በ1966 በሞናኮ በስሙ የተሠራች የፎርሙላ 1 መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈች። በዚያው ዓመት ከአገሩ ልጅ ከክሪስ ኤመን ጋር በፎርድ መኪና የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። በ1968 በቤልጅየም ስፓ ጃኪ ስቱዋርት በመጨረሻ ነዳጅ አንሶት ሲቆም ብሩስ አለፈው፤ ማሸነፉን ያወቀው ግን ከመኪናው ሲወርድ ሰዎች ነግረውት ነው። በገዛ ስሙ በተሰየመ መኪና ግራንድ ፕሪ ያሸነፉ ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። በሰሜን አሜሪካው ካን አም ውድድር ደግሞ ብርቱካናማዎቹ መኪኖች ተወዳዳሪ አጡ፤ በ1969 ከተደረጉት 11 ውድድሮች 11ዱንም ወሰዱ፤ ዋንጫውም የብሩስ ሆነ። በዚሁ ጊዜ ከውድድር መኪና ተለውጣ በመንገድ የምትሄድ ኤም6ጂቲ የምትባል መኪና ሠርቶ እርሱ ራሱ ወደ ሥራ ይመላለስባት ነበር። ለሰው ሁሉ የሚሸጥ የመንገድ መኪና የመሥራት ምኞት ነበረው፤ ምኞቱን ግን በሕይወቱ አላየውም።

ጁን 2 ቀን 1970 በእንግሊዝ ጉድዉድ ለአዲሱ የካን አም ዘመን የተሠራችውን ኤም8ዲ ይሞክር ነበር። በረጅሙ ቀጥተኛ መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር የኋላው የአካል ክፍል ከመያዣው ተነቀለ። መንኮራኩሮቹን መሬት ላይ የሚጫነው አየር በቅጽበት ጠፋ፤ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከአንድ የግንብ ከለላ ጋር ተላተመች። ብሩስ ወዲያው ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ ትቶ ሄደ። መኪናን ከሳጥን አውጥቶ ብሎን በብሎን የገጠመ ሰው ባልጸና መያዣ ምክንያት መሞቱን ሳስብ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ሠራተኞቹ በማግስቱ ዕረፍት እንዲወስዱ ተነገራቸው። ማለዳ ላይ ግን ሁሉም በሥራ ቦታቸው ተገኙ። አሥራ ሁለት ቀን እንዳለፈ፣ ጁን 14፣ ዳን ገርኒ በሟቹ ምትክ ነድቶ በሞስፖርት አሸነፈ፤ ሌላው የቡድኑ ነጂ ዴኒ ሁልም በኢንዲያናፖሊስ የተቃጠሉ እጆቹ ገና ሳይድኑ ተወዳደረ። የዚያ ዓመት ዋንጫም የሁልም ሆነ።

ኩባንያው ከዚያ በኋላ ብዙ እጅ ለውጧል። ባሕሬን በመንግሥት የልማት ድርጅትዋ በኩል በ2007 30 በመቶውን ድርሻ ገዛች፤ በ2025 ደግሞ የመንገድ መኪና የሚሠራው ክፍል ወደ አቡ ዳቢው ሲዋይቪኤን ሆልዲንግስ ተዛወረ። ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ባለችው ዎኪንግ፣ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር በተገነባው ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የዋንጫ ባለቤት የሆኑ መኪኖች በተርታ ቆመዋል። ከእነርሱ ጋር ቁመትዋ ከሰው ወገብ እምብዛም የማያልፍ፣ ጅራትዋ የሾለ አንዲት ትንሽ መኪና ትታያለች። በሬሙዌራ ጋራዥ ከሳጥን የወጣችው ኧልስተር ናት።